የ“ወንድ ሆርሞን” መርፌና የዘር ብስለት፦ ግርታው ከየት መጣ?

ባሕር ዳር ወይም ደብረ ማርቆስ ጂም የሚመላለስ ወጣት፣ ካገባ ሦስት ዓመት አልፎት ልጅ የዘገየበት አባወራና በቴሌግራም መድኃኒት የሚያሻሽጥ ነጋዴ የሚገናኙበት አንድ ቃል አለ፦ “የወንድ ሆርሞን”። የመጀመሪያው ለጡንቻ፣ ሁለተኛው ለልጅ፣ ሦስተኛው ለገበያ ይፈልገዋል። የሚያወሩት ግን ሁሉም ስለ ቴስቶስትሮን ነው። የወሬው አካሄድ ቀላል ነው፤ ቴስቶስትሮን የወንድ ሆርሞን ነው፣ የወንድ ዘር ያለ ቴስቶስትሮን አይመረትም፣ ስለዚህ ቴስቶስትሮን የተወጋ ሰው ዘሩ ይበረክታል።

ከሦስቱ አባባሎች ሁለቱ እውነት ናቸው። ሦስተኛው ግን የእውነታው ተቃራኒ ነው፤ ከውጭ የሚወጋ ቴስቶስትሮን የዘር ምርትን ያዳክማል፣ ብዙ ጊዜም ጭራሽ ያቆመዋል። ይህ እንዴት እንደሚሆን ለመረዳት ሆርሞን በወንድ ዘር ላይ የሚሠራበትን መንገድ ከመነሻው መከተል ያስፈልጋል። መንገዱ ከአንጎል ይነሳል፣ በቆለጥ ያልፋል፣ ከቆለጥ ጀርባ ተጠቅልላ በተቀመጠች ስድስት ሜትር ገደማ በምትረዝም ቱቦ በኩልም ይወጣል። በሕዝብ ወሬ ውስጥ ጨርሶ የማትነሳው ይህች ቱቦ ናት።

አንድ አካል፣ ሁለት ሥራ

አስቀድሞ የቃላቱን ነገር ማጥራት ይበጃል። “የዘር ፍሬ” ሲባል አንዱ ቆለጡን፣ ሌላው ደግሞ በማይክሮስኮፕ ብቻ የሚታየውን ባለ ጭራ ህዋስ ይረዳል። ሐኪምና ታካሚ በዚህ ቃል ምክንያት ሳይግባቡ መለያየታቸው ብርቅ አይደለም። እዚህ “ቆለጥ” የሚባለው አካሉ ነው፤ ቃሉ በአደባባይ የሚያሳፍር ቢመስልም ትክክለኛው ስም እሱ ነው። “ዘር” ወይም “ስፐርም” የሚባለው ህዋሱ ነው። “የዘር ፈሳሽ” ደግሞ ስፐርሙን ተሸክሞ የሚወጣው ፈሳሽ ሲሆን፣ አብዛኛው የሚመነጨው ከቆለጥ ሳይሆን ከፊኛ በታችና ከኋላው ካሉ ዕጢዎች ነው። የፈሳሹ መብዛት ስለ ስፐርሙ ብዛት ምንም ማረጋገጫ የማይሆነው ለዚህ ነው።

የጎጃም ገበሬ ወይፈን ሲያኮላሽ የሚያየው ለውጥ ግልጽ ነው። ወይፈኑ ይረጋል፣ ይሰባል፣ ለቀንበር ይገራል፤ ጊደር ግን አያስረግዝም። ቁጣውና ዘሩ አንድ ላይ ስለሚጠፉ ሁለቱ አንድ ነገር ይመስላሉ። “ወንድነት ካለ ዘር አለ” የሚለው ግምትም ቢያንስ በከፊል ከዚህ ዓይነት ዕለታዊ እይታ የመጣ ይመስለኛል።

ቆለጥ ግን በአንድ ጣሪያ ሥር ሁለት ሥራ የሚሠራበት ቤት ነው። ውስጡ በጣም ቀጫጭን በሆኑ ቱቦዎች የተሞላ ነው፤ ስፐርም የሚፈጠረው በእነዚህ ውስጥ ነው። በቱቦዎቹ መካከል ባለው ክፍተት ደግሞ ሌይዲግ የሚባሉ ህዋሳት ተቀምጠው ቴስቶስትሮን ያመነጫሉ። አንዱ ሥራ ቆሞ ሌላው ሊቀጥል ይችላል። ሁለቱም ቆለጦቹ በሕፃንነቱ ወደ ከረጢታቸው ሳይወርዱ ሆዱ ውስጥ የቀሩ ሰው ጺም ያበቅላል፣ ድምፁ ይጎረንናል፣ ከሚስቱ ጋርም ያለ ችግር ይገናኛል፤ በዘር ፈሳሹ ውስጥ ግን አብዛኛውን ጊዜ ስፐርም አይገኝም። ስፐርም ለመፈጠር ከሰውነት ሙቀት ከ2 እስከ 4 ዲግሪ ሴልሺየስ ዝቅ ያለ ቦታ ይፈልጋል፤ ሌይዲግ ህዋሳት ግን ሙቀቱን ይችሉታል።

ትእዛዙ ከላይ፣ መልሱ ከታች

ቆለጥ በራሱ ፈቃድ አይሠራም። ከአንጎል ሥር ያለው ሃይፖታላመስ የተባለ ክፍል ጂ ኤን አር ኤች የሚባል ሆርሞን በየአንድ ሰዓት ተኩል እስከ ሁለት ሰዓቱ በምት ይለቃል። ምቱ ወሳኝ ነው፤ ሆርሞኑ ሳይቋረጥ ከፈሰሰ ተቀባዩ ይደነዝዛል፣ ትእዛዙም ይቆማል። ምቱን የሚሰማው ፒቱታሪ የተባለው ትንሽ ዕጢ ሲሆን በምላሹ ሁለት ሆርሞኖችን ወደ ደም ይልካል። ኤል ኤች የሚባለው ሌይዲግ ህዋሳትን ቴስቶስትሮን እንዲሠሩ ያዛል። ኤፍ ኤስ ኤች የሚባለው ደግሞ በቱቦዎቹ ውስጥ ወዳሉት ሰርቶሊ ህዋሳት ይሄዳል።

ሰርቶሊ ህዋሳት የስፐርም ሞግዚቶች ናቸው። እያንዳንዳቸው በማደግ ላይ ያሉትን ህዋሳት በእቅፋቸው ይዘው ይመግባሉ፣ ቆሻሻቸውን ያነሳሉ፣ ከደም ይከልሏቸዋል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ፦ ስፐርም የሚሆኑት ህዋሳት ራሳቸው የቴስቶስትሮን ተቀባይ፣ ማለትም ሆርሞኑን የሚሰማ የህዋስ ክፍል፣ የላቸውም። ቴስቶስትሮን ቢጎርፍላቸው አይሰሙትም። ተቀባዩ ያለው በሞግዚቶቹ ላይ ነው። ሆርሞኑ ሰርቶሊዎቹን ያዛል፣ እነሱ ዘሩን ያሳድጋሉ። ከዚህ በኋላ የሚመጣው ሁሉ የሚያያዘው በዚህ ነጥብ ላይ ነው።

ከታች ወደ ላይ የሚሄድ መልስም አለ። በደም ውስጥ ያለው ቴስቶስትሮን ሲበቃ ሃይፖታላመስና ፒቱታሪ ትእዛዛቸውን ይቀንሳሉ። ሰርቶሊዎቹም ኢንሂቢን የተባለ ሆርሞን እየላኩ “ኤፍ ኤስ ኤች ይበቃል” ይላሉ። ስለዚህ የዘር ምርት የወደቀበት ሰው ኢንሂቢኑ ይቀንሳል፣ ፒቱታሪውም የጎደለውን ለመሙላት ኤፍ ኤስ ኤች ይጨምራል። ሐኪም በደም ምርመራ ከፍ ያለ ኤፍ ኤስ ኤች ሲያይ ችግሩ ቆለጡ ውስጥ መሆኑን የሚጠረጥረው ከዚህ ተነስቶ ነው።

መርፌው ለምን ያደርቃል?

በቆለጥ ውስጥ ያለው ቴስቶስትሮን በክንድ ደም ውስጥ ካለው በብዙ አሥር እጥፍ ይበልጣል። ሌይዲግ ህዋሳት ከቱቦዎቹ አጠገብ ስላሉ ሰርቶሊዎቹ የለመዱት ይህን ከፍተኛ መጠን ነው። አንድ ሰው በጡንቻው ቴስቶስትሮን ሲወጋ የደሙ መጠን ይጨምራል፤ አንጎሉም “በቅቷል” ብሎ ኤል ኤችንና ኤፍ ኤስ ኤችን ይዘጋል። ሌይዲግ ህዋሳት ትእዛዝ ስላጡ ማመንጨት ያቆማሉ። ውጤቱ ግራ የሚያጋባ ነው፦ ደሙ በሆርሞን ተሞልቶ ቆለጡ ውስጥ ረሃብ ይገባል። መርፌው የክንዱን ጡንቻ ይደርሳል እንጂ በቆለጥ ውስጥ የነበረውን መጠን ሊተካ አይችልም።

ይህ ግምት አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት ቴስቶስትሮንን ለወንዶች የወሊድ መከላከያነት ፈትሾታል። እ.ኤ.አ. በ1990 በታተመው ጥናት ለ271 ጤናማ ወንዶች 200 ሚሊግራም ቴስቶስትሮን በየሳምንቱ ተሰጥቶ ነበር። ከእነሱ 157ቱ በዘር ፈሳሻቸው አንድም ስፐርም እስከማይገኝ ድረስ ደረቁ። እነዚህ ሰዎች ሌላ መከላከያ ሳይጠቀሙ ከትዳር ጓደኞቻቸው ጋር ሲኖሩ በጥናቱ ዘመን የተከሰተው እርግዝና አንድ ብቻ ነበር። ልጅ ፍለጋ የሚወጋው መድኃኒት በሳይንስ ዓለም የተጠናው ልጅ ለመከላከል ነው ማለት ነው።

መርፌው ሲቆም በአብዛኛው ዘሩ በወራት ወይም በአንድ ዓመት ገደማ ይመለሳል፤ አንዳንዱ ግን ከዚያም በላይ ይቆያል። የጂም ተጠቃሚዎች የሚወስዷቸው ተመሳሳይ ስቴሮይዶች መጠናቸው ከሕክምናው እጅግ የበዛና የተደበላለቀ ስለሚሆን መመለሻውን መተንበይ ያስቸግራል። አንድ ነገር ሚዛን ላይ መቀመጥ አለበት፦ ቴስቶስትሮን ክፉ መድኃኒት አይደለም። ሰውነቱ ራሱ ማመንጨት ላቃተውና ልጅ ለማይፈልግ ሰው ሐኪም ያዝዘዋል፤ ጉልበቱንና አጥንቱን ይደግፍለታል። ችግሩ መድኃኒቱ ለማይሠራው ሥራ መሸጡ ነው።

ስድስት ሜትር መንገድ

ከቆለጥ የሚወጣ ስፐርም ጭራ አለው፣ ራስ አለው፣ ሲያዩት ሙሉ ይመስላል። ነገር ግን ወደ ፊት መዋኘት አይችልም፤ እንቁላል ቢያገኝም ሊገባበት አይችልም። ያልበሰለ ነው። የሚበስለው ኤፒዲዲሚስ በተባለው ቱቦ ውስጥ ነው። ኤፒዲዲሚስ ከቆለጥ ጀርባ በጣት ሲዳሰስ እንደ ለስላሳ ገመድ የሚገኝ ክፍል ሲሆን፣ ቢተረተር ስድስት ሜትር ገደማ ይሆናል። ሐኪሞች ራስ፣ አካልና ጭራ ብለው በሦስት ይከፍሉታል። ስፐርም መንገዱን ለመጨረስ እንደየሰዉ ከ2 እስከ 12 ቀን ገደማ ይፈጅበታል።

ስፐርሙ እዚህ የሚደርሰው ራሱን መርዳት በማይችልበት ሁኔታ ነው። የዘር መረጃው (ዲኤንኤው) እንደታሰረ ጥቅል ተጨምቆ ተዘግቷል፤ ፕሮቲን መሥሪያውን ቆለጥ ውስጥ ጥሎት መጥቷል። አዲስ ነገር መሥራት ስለማይችል የሚያስፈልገው ሁሉ ከቱቦው ግድግዳ ሊሰጠው ይገባል። ግድግዳውን የሚሠሩት ህዋሳት ደግሞ በሆርሞን ይታዘዛሉ። በቆለጥ ውስጥ ሞግዚቶቹ ሰርቶሊዎች እንደነበሩ ሁሉ፣ በኤፒዲዲሚስ ሞግዚቱ የቱቦው ግድግዳ ነው።

ሆርሞኑ የሚመጣበት መንገድ ሁለት ነው። አንዱ እንደማንኛውም አካል በደም ነው። ሁለተኛው ከቆለጥ ከሚወጣው ፈሳሽ ጋር በቱቦው ውስጥ የሚፈስሰው ነው፤ ሰርቶሊዎቹ የሚያመነጩት ፕሮቲን ቴስቶስትሮኑን ተሸክሞ ወደ ኤፒዲዲሚስ ራስ ያደርሰዋል። እዚያ የደረሰው ቴስቶስትሮን እንዳለ አይሠራም፤ አንድ ኢንዛይም ወደ ዳይሃይድሮቴስቶስትሮን ይለውጠዋል፣ ይህም በተቀባዩ ላይ ከቴስቶስትሮን ይልቅ ይበረታል። የራስ ጸጉር መርገፍን ለማስቆም የሚወሰደው ፊናስተራይድ የሚያግደው ይህን ዓይነቱን ለውጥ ነው፤ በአንዳንድ ተጠቃሚዎች የስፐርም ብዛት የሚቀንሰው፣ ሲያቆሙም የሚመለሰው፣ ነገሩ በዚህ በኩል ስለሚያያዝ ሳይሆን አይቀርም።

ኢስትሮጅንም እዚህ አለ፤ “የሴት ሆርሞን” የሚለው ስም ብዙዎችን አሳስቷል። ከቆለጥ የሚወጣው ፈሳሽ ብዙ፣ ስፐርሙ ግን የተበተነ ነው። ቆለጥንና ኤፒዲዲሚስን የሚያገናኙት አጫጭር ቱቦዎች አብዛኛውን ፈሳሽ መጥጠው ስፐርሙን ያጠራቅሙታል፤ ይህን እንዲያደርጉ የሚያዛቸው ኢስትሮጅን ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 በአይጥ ላይ በወጣ ጥናት የኢስትሮጅን ተቀባይ የሌላቸው ወንድ አይጦች ፈሳሹ ወደ ኋላ ተመልሶ ቆለጣቸው ሲያብጥ፣ በኋላም መካን ሲሆኑ ታይቷል። በሌላ በኩል እ.ኤ.አ. በ2020 የጃፓን ተመራማሪዎች ከቆለጥ በፈሳሹ ተጉዞ ኤፒዲዲሚስን “ተዘጋጅ” የሚል አንድ ፕሮቲን መኖሩን በአይጥ ላይ አሳይተዋል። ፕሮቲኑ ከሌለ ቱቦው ሥራውን አይጀምርም፣ ስፐርሙም ሳይበስል ያልፋል። ደም ውስጥ ምንም ያህል ቴስቶስትሮን ቢኖር ይህን መልእክት አይተካም።

በእነዚህ ትእዛዞች ሥር የቱቦው ግድግዳ በስፐርሙ ላይ ብዙ ሥራ ይሠራል። ከቆለጥ ይዞት የመጣው የተረፈ ጠብታ ከአንገቱ ወደ ጭራው እየወረደ ይሄዳል። የላይኛው ሽፋኑ ቅባትና ፕሮቲን ይቀይራል። የዘር መረጃው ጥቅል ይበልጥ ይጠብቃል። ካርኒቲን የተባለ ንጥረ ነገር በፈሳሹ ይከማችና የጭራው ሞተር ኃይል የሚያገኝበትን መንገድ ያመቻቻል። መጨረሻ ላይ፣ በኤፒዲዲሚሱ ጭራ ክፍል፣ ስፐርሙ መዋኘት ቢችልም ጸጥ ብሎ ይጠብቃል። ከወጣ በኋላም በሴቷ አካል ውስጥ የሚጨርሰው የመጨረሻ ዝግጅት አለ፤ ይህን እ.ኤ.አ. በ1951 ሁለት ሳይንቲስቶች፣ ቻንግና ኦስቲን፣ በተናጠል ደርሰውበታል።

ብስለቱ የጊዜ ነው ወይስ የቦታ?

ኤፒዲዲሚስ ሁልጊዜ ይህን ክብር አላገኘም። እ.ኤ.አ. በ1931 ያንግ የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ የጊኒ ፒግን ቱቦ በመቋጠር ስፐርሙ የሚበስለው በራሱ ነው፣ የሚፈልገው ጊዜ ብቻ ነው ብሎ ደመደመ። በእሱ አባባል ቱቦው እንደ መጋዘን ነው። ይህ አመለካከት ሦስት አሥርት ዓመታት ገደማ ቆየ። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ቤድፎርድና ኦርግቢን ክሪስት ጥንቸሎች ላይ ባደረጉት ሥራ ስፐርሙ በቱቦው ራስ ታግዶ ቢያረጅም የማስረገዝ ብቃት እንደማያገኝ፣ ወደ ታችኛው ክፍል መድረስ እንዳለበት አሳዩ።

ክርክሩ ግን በሰው ላይ ሲመጣ እንደገና ተከፈተ። ቱቦው የተዘጋባቸው ወንዶች ከኤፒዲዲሚሳቸው ራስ የተቀዳ ስፐርም አንዳንዴ በደንብ እንደሚዋኝ ታየ። እ.ኤ.አ. በ1992 ደግሞ አንዲትን ስፐርም በቀጭን መርፌ እንቁላል ውስጥ በማስገባት የተወለዱ የመጀመሪያ ልጆች ተነገሩ፤ ከዚያም ከቆለጥ በቀጥታ የወጣ ያልበሰለ ስፐርም በዚህ ዘዴ ልጅ ሊሆን እንደሚችል ተረጋገጠ። “እንግዲያውስ ኤፒዲዲሚስ ምን ያደርጋል?” የሚሉ አሉ። መልሱ በእኔ ሚዛን ከባድ አይደለም። መርፌው የሚሠራው ስፐርሙ ሊሠራ የነበረውን ሥራ ነው፤ መዋኘቱንም፣ መግባቱንም ይተካለታል። በአልጋው ላይ ልጅ ለሚፈልግ ባልና ሚስት ግን ያለ ኤፒዲዲሚስ መንገድ የለም። በመርፌ የማዳቀሉ አገልግሎት አዲስ አበባ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል በመንግሥት ተቋም ደረጃ ቢጀመርም፣ ከጎጃም ገጠር ለሚነሳ ሰው ወጪውም ርቀቱም ቀላል አይደለም።

የወባ ወቅትና የምርመራ ወረቀት

አንድ ስፐርም በቆለጥ ውስጥ ከመነሻው እስከ መጨረሻው 74 ቀን ገደማ ይፈጃል። የኤፒዲዲሚሱ ቀናት ሲጨመሩ ሦስት ወር ይጠጋል፤ ሐምሌ የተዘራ ጤፍ ለአጨዳ ከሚፈልገው ጊዜ ብዙም አያንስም። ዛሬ ማይክሮስኮፕ ሥር የሚታየው ዘር የሚናገረው ከሁለትና ሦስት ወር በፊት ስለነበረው ሰውነት ነው።

ይህ ለጎጃም ልዩ ትርጉም አለው። መተማ ለሰሊጥ አጨዳ ወርዶ፣ ወይም በዓባይ ሸለቆ ቆላዎች ሰንብቶ፣ ጥቅምት ላይ ወባ የያዘው ሰው ብዙ ቀን በከፍተኛ ትኩሳት ይቃጠላል። ትኩሳቱ በዚያን ጊዜ በማደግ ላይ የነበሩትን ህዋሳት ይጎዳል። ሰውየው ኅዳር ላይ ድኖ ታኅሣሥ ላይ ቢመረመር ብዛቱም እንቅስቃሴውም ወርዶ ሊገኝ ይችላል። በዚያ አንድ ወረቀት “ዘር የለህም” ቢባል፣ ፍርዱ የተሰጠው ባለፈ ትኩሳት ላይ ነው። የመጀመሪያው ውጤት ዝቅ ካለ መደገም አለበት የሚባለውም፣ ትኩሳት ካለፈ ሦስት ወር መጠበቅ የሚመከረውም ለዚሁ ነው። “ለሁለት ሳምንት ውሰድና ዘርህ ይለወጣል” የሚል ማንኛውም ሻጭ ስለ 74 ቀኑ አልሰማም፣ ወይም ሰምቶ ዝም ብሏል።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው መመሪያ ዝቅተኛ ማነጻጸሪያዎቹ በአንድ ሚሊ ሊትር 16 ሚሊዮን ስፐርም፣ 42 በመቶ የሚንቀሳቀስ፣ 30 በመቶ ወደ ፊት የሚዋኝ ናቸው። እነዚህ ቁጥሮች የመካንነት ድንበር አይደሉም። ሚስቶቻቸው በ12 ወር ውስጥ ካረገዙላቸው ወንዶች መካከል የመጨረሻዎቹ 5 በመቶ የቆሙበት ቦታ ነው።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ወረቀቱ ላይ ብዛት 40 ሚሊዮን፣ እንቅስቃሴ 10 በመቶ ተጽፎ ቢገኝ፣ ቆለጡ ሥራውን እየሠራ ነው፤ ጥርጣሬው ወደ ኤፒዲዲሚስ፣ ወደ ኢንፌክሽን ወይም ወደ ናሙናው አያያዝ ይዞራል። ስፐርም ጭራሽ ካልተገኘ የደም ሆርሞኑ መንገዱን ያሳያል። ኤፍ ኤስ ኤች ከፍ ካለ ምርቱ ቆሟል። ኤፍ ኤስ ኤችና የቆለጥ መጠን ደህና ከሆኑ ምናልባት ዘሩ እየተመረተ መውጫው ተዘግቷል፤ በጊዜው ያልታከመ ጨብጥ ኤፒዲዲሚስን አቁስሎ በጠባሳ ሊዘጋው ይችላል። ኤፍ ኤስ ኤችም ኤል ኤችም ከወረዱ ትእዛዙ ከላይ ተቋርጧል፤ የቴስቶስትሮን መርፌ ይወስድ እንደነበር መጠየቅ ያለበትም እዚህ ላይ ነው።

ጫት፣ ኬሚካልና እንክብል

በባሕር ዳር ዙሪያ ጫት እየሰፋ መምጣቱ “ጫት ያመክናል” የሚል ወሬ አስነስቷል። በእንስሳት ላይ የተሠሩት ጥናቶች እርስ በርስ ይጋጫሉ፤ ቴስቶስትሮንና ስፐርም ቀነሰ የሚሉ አሉ፣ በጫት ውስጥ ካሉት ንጥረ ነገሮች አንዱ በቤተ ሙከራ ስፐርምን አነቃቃ የሚሉም አሉ። ቁርጥ ያለ ቃል ለመስጠት ጊዜው አይደለም። የሚረጨው ፀረ ተባይ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ካሊፎርኒያ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1977 ዲቢሲፒ የተባለ ፀረ ተባይ የሚያመርቱ ሠራተኞች ዘር አልባ መሆናቸው ታውቋል። በአገራችን ለወባ ትንኝ ለረጅም ዓመታት ቤት ለቤት ሲረጭ የኖረው ዲዲቲ በሰውነት ውስጥ ሲለወጥ የሚተወው ዝቃጭ የቴስቶስትሮንን ተቀባይ እንደሚዘጋ እ.ኤ.አ. በ1995 ታይቷል። ሆርሞኑ አለ፣ በሩ ግን ተቆልፏል።

ስለ ቫይታሚን እንክብሎች ማጠር ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ2020 ከሁለት ሺህ በላይ ጥንዶችን ያሳተፈ የአሜሪካ ጥናት ዚንክና ፎሊክ አሲድ በሚወለዱ ልጆች ቁጥር ላይ ለውጥ አላመጡም ብሏል።

ማን ቀድሞ ይመርመር?

ልጅ ሲዘገይ ጣት የሚጠቆመው ወደ ሴቷ ነው። ጸበል የምትመላለሰው እሷ ናት፣ “መካን” የምትባለው እሷ ናት፣ ከትዳር የምትወጣውም ብዙ ጊዜ እሷ ናት። ልጅ ካጡ ጥንዶች በግማሽ ገደማው ግን የወንዱ ችግር ብቻውን ወይም ከሴቷ ጋር ተደርቦ አለበት። “ከቀድሞ ሚስቴ ወልጃለሁ” የሚለው መከራከሪያም ደካማ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ያለፈ ኢንፌክሽን፣ መርፌ ወይም ሕመም ነገሩን ሊቀይረው ይችላል። የወንዱ ምርመራ ከሴቷ የማህፀንና የቱቦ ምርመራ ይልቅ ቀላልና ርካሽ ስለሆነ መጀመሪያ ቢደረግ ብዙ እንግልት ይቀንሳል።

በእርግጥ የሆርሞን ሕክምና የሚያድናቸው ወንዶችም አሉ። ትእዛዙ ከላይ የተቋረጠባቸው ሰዎች ቴስቶስትሮን ሳይሆን ኤል ኤችንና ኤፍ ኤስ ኤችን የሚተኩ መርፌዎች ይሰጣቸዋል። በዚህ መንገድ የራሳቸው ሌይዲግና ሰርቶሊ ህዋሳት ይነቃሉ። ሕክምናው ከስድስት ወር እስከ ሁለት ዓመት ሊፈጅ ይችላል። ሆርሞናቸው ደህና ሆኖ ስፐርማቸው ብቻ ያነሰ ወንዶች ኤፍ ኤስ ኤች ቢወጉ ይጠቅማቸዋል ወይ የሚለው ግን በባለሙያዎች መካከል ገና አልተቋጨም።

ለምርመራው ከ2 እስከ 7 ቀን ከግንኙነት መታቀብ ያስፈልጋል። ናሙናው የተሻለ የሚሆነው እዚያው ላቦራቶሪው አጠገብ ሲሰጥ ነው፤ ከቤት የሚመጣ ከሆነ በአንድ ሰዓት ውስጥ፣ ሳይቀዘቅዝ መድረስ አለበት። ከሞጣ ተነስቶ በሚኒባስ ባሕር ዳር የደረሰ ብልቃጥ “እንቅስቃሴ 10 በመቶ” ቢባል፣ ወረቀቱ የሚናገረው ስለ ሰውየው ሳይሆን ስለ መንገዱ ሊሆን ይችላል።